አስም ያለበትም ሰው ይሮጣል

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አስም ነው። አስም ያለበት ሰው ስፖርት ይሥራ ወይስ አርፎ ይቀመጥ? ትንፋሽ ሲያጥር ስሜትስ ለምን አብሮ ይጨልማል? ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ እናነሣቸዋለን፤ ሕመምተኛውንም የሚፈትኑት አንድ ላይ ነውና።

ሁላችንም ከምናውቀው ሰው እንጀምር። ሚያዝያ 14 ቀን 1999 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረሥላሴ በለንደን ማራቶን ከመሪዎቹ ጋር ሲሮጥ ቆይቶ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። እግሩን አላመመውም፤ ያጠረው ትንፋሽ ነው። በአውሮፓ የጸደይ ወራት ከዛፍና ከአበባ እየተነሣ አየሩን የሚሞላው ብናኝ ደረቱን ይዞት ነበር። አምስት ወር አልፎ መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም. ያው ኃይሌ በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ።

በዚያው ዓመት አጋማሽ ደግሞ የቤጂንግ ኦሊምፒክን ማራቶን እንደማይሮጥ አስታወቀ። ምክንያቱ የከተማዋ የተበከለ አየር ነበር፤ አስም ላለበት ሰው በዚያ አየር 42 ኪሎ ሜትር መሮጥ አደጋ አለው። ቤጂንግ ሄዶ በ10 ሺህ ሜትር ብቻ ተወዳደረና ስድስተኛ ወጣ። ከዚያ ውድድር ልክ በስድስተኛው ሳምንት፣ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገባ። ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ ማለት ነው።

የኃይሌ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጎላው ክብረ ወሰኑ ነው። ለአስም ሕመምተኛ ግን ዋናው ቁም ነገር ሌላ ይመስለናል። ኃይሌ የሸሸው መጥፎውን አየር ነው፤ ሩጫውን አልሸሸም። የት እንደሚሮጥና መቼ እንደሚሮጥ መረጠ። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍም ከልጅነቷ ጀምሮ አስም ያለባት ሯጭ ናት፤ በ1995 ዓ.ም. ለንደን ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ያስመዘገበችው የሴቶች የማራቶን ክብረ ወሰን ለብዙ ዓመታት ደራሽ አላገኘም ነበር።

አሁን ከበርሊንና ከለንደን ወደ ኮልፌ ቀራኒዮ እንምጣ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በምዕራብ ጫፏ ያለው ኮልፌ ቀራኒዮ የወጨጫን ተራራ ፊት ለፊት እያየ የተዘረጋ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ክፍለ ከተማ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር የማለዳው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ከቶር ኃይሎች እስከ አየር ጤና ባለው መንገድ አሮጌ መኪናዎች ጥቁር ጢስ እየተፉ ያልፋሉ። አጣና ተራ የእንጨት ብናኝ አይጠፋም። በረጲ በኩል የቆሻሻ መጣያው ቆሼ ሲጨስ ሽታው ሠፈሩን ይሞላዋል። ቤት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከሰሉ አለ፣ ምጣዱ አለ፣ ቡና ሲፈላ ዕጣኑ አለ። ከእነዚህ አንዱ ብቻ እንኳ የተቆጣ ሳንባን ለመቀስቀስ ይበቃል።

አስም ከከተማ ኑሮ ጋር ያለው ዝምድና በአገራችን ቀደም ብሎ ተጠንቷል። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በፈረንጆች 1997 የወጣ ጥናት የጅማን ከተማ ነዋሪዎች በዙሪያዋ ካሉ ገጠሮች ነዋሪዎች ጋር ሲያነጻጽር፣ አስም በከተማው ከገጠሩ እጅግ በርክቶ አግኝቶታል። በዓለም ደረጃ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2019 አስም ያለባቸውን ሰዎች ቁጥር 262 ሚሊዮን፣ በዚያው ዓመት በበሽታው የሞቱትን 455 ሺህ አድርሶታል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ መድኃኒቱ እንደ ልብ በማይገኝባቸው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

እስቲ አንዲት እናት በዓይነ ኅሊናችን እንያት። ዓለም ባንክ ሠፈር የምትኖር፣ ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ አስም ያለባት እናት ትሁን። አንድ ብርዳማ ጠዋት ከጉሊት የገዛችውን ሽንኩርትና ድንች ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ደረቷ ሲር ሲር ማለት ይጀምራል። ዘንቢሉን ታስቀምጥና ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። መንገደኛው ይከባታል፤ አንዱ ውኃ ይላል፣ አንዱ ክብሪት ጫሩላት ይላል፣ ሌላው ነጠላዋን ይስባል። ቤቷ ስትደርስ ትንፋሿ ተመልሶ ነበር። ድንጋጤዋ ግን አልለቀቃትም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ለአጭሩም መንገድ ባጃጅ ትይዛለች። ዕድር ትቀራለች። ቅዳሴ ላይ ረጅም መቆሙንና ዕጣኑን ፈርታ በደጀ ሰላም ተሳልማ ትመለሳለች። ጎረቤቶቿ ይወዷታልና «ኧረ አንቺ ተቀመጪ! ትንፋሽሽ ይነሣል» ይሏታል። ልጆቿ ጀሪካኑን ከእጇ ይቀሟታል። ሦስት ወር አለፈ። አሁን ቤት መጥረግ ብቻ ያስለከልካታል። እሷም «አስሜ ባሰብኝ» ትላለች።

አስሟ ግን ላይብስ ይችላል። የደከሙት ጡንቻዎቿ ናቸው። በጀሶ ታስሮ የከረመ እግር ሲፈታ ቀጥኖና ሰልሎ እንደሚገኘው፣ ያልሠራ ሰውነትም ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙን ያጣል። ልብና ጡንቻ ሲደክሙ ያው ዳገት ከበፊቱ የበለጠ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ብዙ መተንፈስ ደግሞ ያስፈራታል፣ ፍርሃቱም መልሶ ያስቀምጣታል። ሐኪሞች የአካል እንቅስቃሴ አቅም የሚሉት ነገር በዚህ መንገድ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተሸረሸረ ይሄዳል። በእኛ አስተያየት በብዙ ቤት ውስጥ የአስም ሕመምተኛን ከሰው በታች የሚያውለው ይህ በፍቅር የሚመጣ «ተቀመጪ» ነው።

በርግጥ ፍርሃቱ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ሰው ሲሮጥ በአፉ ይተነፍሳል። በአፍንጫ ሲያልፍ ይሞቅና ይረጥብ የነበረው አየር ቀዝቃዛና ደረቅ እንደሆነ በቀጥታ ወደ ሳንባ ቱቦዎች ይወርዳል፤ እየወረደም ከቱቦዎቹ ግድግዳ እርጥበት ይነጥቃል። የአስም ሕመምተኛ ቱቦዎች ቀድሞውኑ የተቆጡ ስለሆኑ በዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ መተላለፊያውም ይጠባል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጠናው ሰውየው እየሮጠ ሳለ ሳይሆን ሩጫውን ካቆመ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ይህን ያልተነገረው ሰው «ዐርፌም ባሰብኝ» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማወቅ ብዙ ጭንቀት ያስቀራል። ዳገት የወጣ ሰው ሁሉ ያለከልካል። ጤነኛ ማለክለክ ሲያርፉ በጥቂት ደቂቃ ይበርዳል፤ ሲር የሚል ድምፅ የለውም፣ ደረት አያፍንም፣ ሳል አያስከትልም። እየተራመደ ከጎኑ ካለ ሰው ጋር ማውራት የሚችል ሰው ልኩን አላለፈም። ዐረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው ግን ቀስ ይበል።

ጭንቀትና አስም እርስ በርስ የሚመሳሰሉበት ሌላም መንገድ አለ። የተጨነቀ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ልቡ ይመታል፣ ደረቱ ይጨመደዳል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። ትንፋሽ ማስታገሻው ሳልቡታሞልም ራሱ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ሕመምተኛው አስሙ ይሁን ፍርሃቱ ወይም መድኃኒቱ መለየት ይቸግረዋል። ድባቴ ሲጨመርበት ደግሞ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ ያቆማል፤ ያቆመ ዕለትም አስሙ በእውነት ይነሣል።

ታዲያ መንቀሳቀስ ይህን ሁሉ ይፈታል ወይ? ጥሩ መልስ ያለው ጥናት የብራዚሉ ነው። በሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች 101 የአስም ሕመምተኞችን በሁለት ቡድን ከፈሉ፤ ውጤቱ የታተመው በፈረንጆች 2010 ነው። ሁለቱም ቡድኖች ስለ አስም ትምህርትና የአተነፋፈስ ልምምድ አገኙ። አንደኛው ቡድን በዚህ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ለሦስት ወር በመሮጫ መሣሪያ ላይ ሠለጠነ። ሲያበቃ የሠለጠኑት ሰዎች ጭንቀትና ድባቴ ቀነሰ፣ ያለ ሕመም የሚያሳልፏቸው ቀኖች በዙ፣ ብርታታቸውም ጨመረ። ይበልጥ የተጠቀሙት መጀመሪያ ላይ በጣም ተጨንቀው የነበሩት መሆናቸው ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ የሚባሉት እነሱ ናቸውና።

ያ አንድ ጥናት ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚዎች ማኅበር በፈረንጆች 2013 በድምሩ 772 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 21 ጥናቶች አንድ ላይ መርምሯል። የሰዎቹ ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በግልጽ ተሻሽሎ ተገኘ፤ ሥልጠናው አስማቸውን አላባሰውም።

በብራዚሉ ጥናት የተሳተፉት ሰዎች ግን የአስም መድኃኒታቸውን ይወስዱ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። እንቅስቃሴ የመድኃኒትን ቦታ አይተካም። በመንደራችን በአፍ ስለሚነፋው የአስም መድኃኒት «ፓፍ አንዴ ከጀመሩት አይላቀቁትም፣ ሱስ ነው» የሚል ወሬ አለ። ወሬው ሐሰት ነው፤ ሰውም ይገድላል። ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ የሚመጣው ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ የሚያፍታታ ማስታገሻ ነው። ቁጣውን ከሥሩ የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው፣ ሕመም ባይኖርም በየቀኑ የሚነፋው መከላከያ ነው። አስምን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ መመሪያ ከፈረንጆች 2019 ጀምሮ አዋቂ ሕመምተኛ በማስታገሻ ብቻ እንዳይታከም ይመክራል። ሰማያዊዋን ብቻ ኪሱ ይዞ ዓመታት ያሳለፈ አድማጭ ካለ፣ ሐኪሙን «መከላከያስ?» ብሎ ይጠይቅ።

የፓፍ አጠቃቀም ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። መጀመሪያ ዕቃውን መነቅነቅ፣ ከዚያ ያለውን ትንፋሽ ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ የፓፉን አፍ በከንፈር ግጥም አድርጎ መያዝ፣ ወደ ውስጥ መሳብ ሲጀምሩ መጫን፣ ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው መሳብና አሥር ሰከንድ ያህል ይዞ መቆየት። ሁለተኛው ከተፈለገ ግማሽ ደቂቃ ጠብቆ ይደገማል። መከላከያውን ከወሰዱ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት ይገባል፤ አለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ሊወጣ ይችላል።

ይህ ሁሉ ለሚያስቸግረው፣ በተለይ ለሕፃን፣ መፍትሔው ብዙዎቻችን ሃይላንድ የምንለው የውኃ ፕላስቲክ ነው። የግማሽ ሊትሩ ጠርሙስ ይታጠብና ይደርቃል፤ ቂጡ ላይ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፣ ፓፉ ይሰካበትና ዙሪያው አየር እንዳያሾልክ በሙጫ ወይም በፕላስተር ይደፈናል። ልጁ የጠርሙሱን አፍ ይይዛል፤ አንዴ ሲነፋለት ከጠርሙሱ ውስጥ ረጋ ብሎ ደጋግሞ ይተነፍሳል። ላንሴት ላይ በፈረንጆች 1999 የወጣ የደቡብ አፍሪካ ጥናት አስም በተነሣባቸው ሕፃናት ላይ ሞክሮት ከፋብሪካው ዕቃ እኩል ሠርቶ አግኝቶታል። ጠርሙሱን አንድ ጊዜ ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያው አሳይቶ ማስተካከል ደግሞ አይከፋም።

መድኃኒቱ ከተስተካከለ በኋላ መራመድ ይጀመራል። የኮልፌ ሰው ሰዓት ይምረጥ፤ ውርጭ ሳይለቅ ማለዳ 12 ሰዓት ከመውጣት ፀሐይ ሞቅ ሲል አራት ሰዓት ላይ መውጣት ይሻላል። ከዋናው አስፋልት ይልቅ መኪና የማይበዛበትን የውስጥ ኮብልስቶን ይምረጥ። ብርድ ካለ ነጠላ ወይም ስካርቭ አፍና አፍንጫ ላይ ጣል ማድረግ የሚገባውን አየር ያሞቀዋል። ሐኪም ካዘዘ ማስታገሻው ከመውጣት 10 ወይም 15 ደቂቃ አስቀድሞ ይነፋል። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ሰውነት ማሟሟቂያ ናቸው፤ ዳገት በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ አይገባም። የመጨረሻዎቹም እንዲሁ እየቀዘቀዙ የሚሄዱ ይሁኑ፤ ድንገት መቆም ደረትን ያስቆጣል።

በመጀመሪያው ሳምንት 10 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ በሳምንት ሦስት ቀን ግማሽ ሰዓት ይደረሳል። ሆስፒታል ውስጥ አቅም የሚለካበት አንዱ መንገድ ሕመምተኛው በ30 ሜትር ኮሪደር ላይ እየተመላለሰ በ6 ደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚሄድ መቁጠር ነው። ቤቱ ያለ ሰውም ሐኪሙ ከፈቀደለት በስልኩ 6 ደቂቃ ሞልቶ፣ በሁለት የመብራት ምሰሶዎች መካከል ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ በወር አንዴ ቢጽፍ መሻሻሉን በዓይኑ ያየዋል። ለተጨነቀ ሰው ደግሞ ከሌላ ሰው ማጽናኛ ይልቅ በራሱ እጅ የጻፈው ቁጥር ልቡን ይመልሰዋል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በሚካሄድባቸው እሑዶች አስፋልቱ ከመኪና ስለሚጸዳ ለጀማሪ ጥሩ ቀን ነው።

የማይወጣባቸው ቀኖችም አሉ። ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን፣ አንደኛው ነው። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የጨረሰውን የኅዳር በሽታ ለማሰብ በየደጁ ቆሻሻ ሲቃጠል ከተማው በጢስ ይሸፈናል። የዚያን ዕለት አስም ያለበት ሰው በርና መስኮት ዘግቶ ይዋል፣ ፓፉንም ከአጠገቡ አያርቅ። ጎረቤትም ፕላስቲክና ጎማ ባያቃጥል ትልቅ ጽድቅ ነው። ኃይሌ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሚካሄደውም በዚሁ ወር አካባቢ ስለሆነ፣ ለመሮጥ የተመዘገበ የአስም ሕመምተኛ ልምምዱን ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ፣ ከሐኪሙም ተመካክሮ ይዘጋጅ።

አደጋውን ደግሞ ሳንሸፋፍን እንናገር። ሰውየው አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የአንገቱ ሥር በትንፋሽ ብዛት ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ማስታገሻው ካልያዘለት ነገ ሐኪም አየዋለሁ አይባልም። ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ማስታገሻው እየተነፋለት በቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። በኮልፌ ቀራኒዮ አካባቢ ዘነበወርቅ ላይ አለርት ሆስፒታል አለ፤ በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ቢሆንም ዛሬ ድንገተኛ ሕመምተኛ የሚቀበል አጠቃላይ ሆስፒታል ነው።

የመንፈሱንም ሕክምና እንዲሁ በግልጽ እንናገር። ባለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶኛል? ድሮ የሚያስደስተኝ ነገር አላስደስት ብሎኛል? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ያለ ሰው ለአስም ክትትል ሲሄድ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገር። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው አማኑኤል ሆስፒታልን ብቻ ያስብና ስሙ እንዳይነሣ ይሸሻል። ጭንቀትና ድባቴ ግን በሠፈር ጤና ጣቢያም የሚታዩበት አሠራር አለ፤ ሕክምናውም ብዙ ጊዜ ምክርን ይጨምራል። ጠበል የሚጠመቁ ምእመናን ደግሞ ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር ቢያስኬዱት ማንም አይከለክላቸውም፤ ፓፉን ጥሎ በውርጭ ቀዝቃዛ ውኃ መግባት ግን ለሕይወት ያሰጋል።

በመጨረሻም ለወላጆችና ለስፖርት መምህራን አንድ ልመና አለን። አስም ያለበት ተማሪ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ደብተር ጠባቂ ሆኖ ሜዳ ዳር አይቀመጥ። መምህሩ የልጁ ፓፍ የት እንዳለ ይወቅ፣ ሰውነቱን የሚያሟሙቅበት አሥር ደቂቃ ይስጠው፣ ሲደክመው ዐርፎ እንዲመለስ ይፍቀድለት። ወላጅም «ልጄ አይሩጥ» የሚል ወረቀት ከማጻፉ በፊት ልጁን ወደ ሐኪም ወስዶ «ልጄ እንዲሮጥ ምን እናድርግ?» ብሎ ይጠይቅልን።